ሁለት ካሜራና አንድ ስም

ማታ ነው፤ ሐይቅ ከተማ፣ አክስቴ ቤት። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ቡናው ተጠጥቶ ረከቦቱ ከተነሣ በኋላ በቦታው ሁለት ጥቋቁር ካሜራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የአክስቴ ልጅ በስልኩ መብራት እያየ አንዱን ያነሣል፣ በእጁ ይመዝናል፣ መልሶ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሌላውን።

"ዓይኔን አስረህ ብትሰጠኝ አልለያቸውም" አለኝ።

አላጋነነም። አንዱ 290 ግራም ይመዝናል፣ ሌላው 304፤ ልዩነቱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ሁለቱም ኮት ኪስ ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 3፣ ሌላው ካኖን ጂ7 ኤክስ ይባላል። ሶኒው ለገበያ የተዋወቀው ግንቦት 2006 ዓ.ም. ነው፤ ካኖኑ አራት ወር ቆይቶ መስከረም 2007 ዓ.ም. ተከተለው። ያኔ አዲስ ሳሉ አንዱ 800፣ ሌላው 700 ዶላር ገደማ ያወጡ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው። አንዱን ከዐረብ አገር የተመለሰች የጎረቤት ልጅ፣ ሌላውን አሜሪካ ያለ ዘመድ ነው ለሽያጭ ያቀረበው። የጠየቁት ዋጋ አንድ ነው። የአክስቴ ልጅ በሳምንት ውስጥ የአንዱን ሂሳብ ከፍሎ ሌላውን መመለስ አለበት። ከአዲስ አበባ የጠራኝም ለዚህ ነው፤ በመጽሔት ሥራዬ ካሜራ የያዙ ሰዎች አጠገብ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ አውቃለሁ ብሎ ያስባል።

አክስቴ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ በጨለማ ትፈትላለች። እንዝርቷን ለማዞር መብራት አያስፈልጋትም።

"በየትኛው ነው የወንድሜን መቃብር የምታነሡልኝ?" አለች።

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም። ወንድሟ፣ ማለትም የእኔ አጎት፣ በወጣትነቱ መንኩሶ ኖሮበት እዚያው ዐርፏል። አክስቴ ዕድሜዋን ሁሉ የኖረችው ከገዳሙ በር ትንሽ ራቅ ብላ ነው። ውሃውን በየቀኑ ታየዋለች። በውሃው ውስጥ የተዘረጋውን የገዳሙን ዛፍ ሁሉ ታየዋለች። መቃብሩን ግን አንድ ቀን አላየችም።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ጥያቄ ይዞ ተነሣ፤ የልጁ እንጀራና የእናቱ ልመና።

በመጀመሪያ መመሳሰላቸው ምን ያህል እንደሆነ ልናገር። የካሜራ ዋና ነገሩ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ነው፤ ሴንሰር ይሉታል። የሁለቱም ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ይሸፍነዋል። ገበያው "የአንድ ኢንች ሴንሰር" ይለዋል እንጂ በየትኛውም በኩል ቢለካ አንድ ኢንች አይወጣውም። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እንኳ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስያሜው የቀረው ድሮ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ምስል ይቀበሉበት ከነበረው የመስታወት ቱቦ ነው፤ አንድ ኢንች የነበረው የቱቦው የውጭ ውፍረት እንጂ ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረም። ቱቦው ከጠፋ ዘመን ተቆጥሯል፣ ስሙ ግን አልጠፋም። እንዲህም ሆኖ ይህ ሴንሰር በተራዎቹ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ከነበረው በስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። የበለጠ ስፋት ማለት የበለጠ ብርሃን ነው፤ በመሸ ጊዜና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልዩነቱ ይታያል።

የሁለቱም ምስል 20 ሚሊዮን ነጥብ ገደማ አለው። የካኖኑ ሴንሰር ራሱ ከሶኒ ፋብሪካ የወጣ መሆኑ በሙያው ሰዎች ዘንድ በሰፊው የሚነገር ነው። ሌንሳቸው ሰፊውን ሲያይ ሁለቱም ከ24 ሚሊ ሜትር ይጀምራሉ። የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያም በሰፊው ጫፍ ኤፍ 1.8፣ በሩቁ ጫፍ ኤፍ 2.8 ነው፤ በሁለቱም። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ለጀማሪ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። የሚለያዩት ሩቁን ሲያቀርቡ ነው፤ ሶኒው 70 ላይ ይቆማል፣ ካኖኑ እስከ 100 ይሄዳል።

ከዚህ የባሰም መመሳሰል አለ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2014 ፓናሶኒክ ኤልኤክስ100 የተባለ ካሜራ አወጣ። የጀርመኑ ላይካም ዲ-ሉክስ ብሎ ሸጠው፤ ሠሪው ፓናሶኒክ ነው፣ ሌንሱም ሴንሰሩም አንድ ነው። የውጭ መልኩና ቀይዋ የላይካ ምልክት ተጨመሩና ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። የእኛዎቹ ሁለቱ እንደዚያ አይደሉም፤ ሁለት ቤት ናቸው። ካኖን ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በካሜራ ያደገ ቤት ነው። ሶኒ ግን በሬዲዮና በቴፕ ከተነሣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 የኮኒካ ሚኖልታን የካሜራ ሥራ ተረክቦ ነው ሌንሳቸው ወደሚቀያየር ካሜራዎች ገበያ የገባው። ሁለት ቤት ከአንድ ጤፍ የጋገሩት እንጀራ በሏቸው፤ ልዩነቱ ከእጅ ነው።

በዚህ ዘመን ካሜራ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል፤ ስልክ አለ። የአክስቴ ልጅ ሠርግና ክርስትና፣ የንግሥ በዓልና ተሳላሚ የሚያነሣ ሰው ነው። ስልኩ ለማያ ጥሩ ነው፤ አጥቦ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ሲሆን፣ በተለይ ማታ በድንኳን ውስጥ ለተነሣ ፎቶ፣ ፊቱ ሁሉ በሰም እንደተቀባ ይልሰለሳል። ስልኩ ያላየውን ስለሚገምት ነው። እኔ ይህን ባልነግረውም ደንበኞቹ ነግረውታል።

በፊት ደህና ካሜራ ነበረው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅን ሲያልፍ ካሜራው፣ ኮምፒውተሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የስምንት ዓመት ሥራውን የያዘው ሃርድ ዲስክ አብረው ሄዱ። እስከ ዛሬ ድረስ "ያኔ ያነሣኸን የሠርጋችን ፎቶ አለህ?" እያሉ በሩን የሚያንኳኩ አሉ። በአንዳንዶቹ ፎቶ ላይ ከነበሩት ሰዎች ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ይህን ሲነግረኝ ካሜራዎቹን አላየም፤ እጁን አየ።

አዲስ መግዛት የማይታሰብ ሆነ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የዓለሙ ገበያም አላገዘውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የጃፓን አምራቾች በዓመት ወደ 121 ሚሊዮን ዲጂታል ካሜራ ወደ ገበያ ይልኩ ነበር፤ በ2020 ከ9 ሚሊዮን በታች ወረደ። ስልክ በላው። አሁን ደግሞ የውጭዎቹ ወጣቶች ወደ ትንንሾቹ ካሜራዎች ተመልሰዋል፤ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው የነበሩት እንደገና ተወደዱ። እንግዲህ ያለው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በነጋታው ሁለታችን ሁለቱን ካሜራ ይዘን ወደ ገዳሙ ሄድን። ድሮ ደሴት ነበረ፤ አሁን በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። በር ላይ ጫማችንን አውልቀን ለአባቶች ሐሳባችንን ነገርናቸው፤ የአጎታችንን ስም ስንጠራ አንድ ሽማግሌ አባት ፊታቸው በራ።

ለዚህ ቦታ ፎቶ ማለት እንግዳ ነገር አይደለም። ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ መጥተው ገዳሙን ትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። የሐይቅ አበምኔቶች በቤተ መንግሥት "ዐቃቤ ሰዓት" የሚል ታላቅ ማዕረግ ነበራቸው። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው አራቱ ወንጌል ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት የአገራችን ባለሥዕል መጻሕፍት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ በውስጡ የራሳቸው የኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ታላቅ ሥራ ሲጀመር፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ማለት ነው፣ ከተነሡት መካከል ይህ ወንጌል ይገኝበታል፤ ቁጥሩ 1832 ነው። የፊልሙ ቅጂ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። እዚያ ሆነው ለብዙ ዓመታት መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አንብበው የመዘገቡት ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው።

ያ ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። አባታችን ወንጌሉን ሳይሆን አንድ ሌላ፣ ጠርዙ በአይጥ የተነካ ብራና ገለጡልን። ያለ ፍላሽ፣ በአንድ ገጽ ብቻ፣ የትም እንዳንለጥፈው ቃል አስገብተው ፈቀዱ። ቃል የሚያስገቡት በደንብ አውቀው ነው፤ በኢንተርኔት የታየ ብራና ሌባም ያየዋል። ገጹ ላይ የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቀዩ ወጥ አይደለም፤ ብዕሩ ቀለም በነከረበት ላይ ደማቅ፣ እየሄደ ሲመጣ ደግሞ የሸክላ መልክ ይይዛል፣ ከዚያ እንደገና ይደምቃል። ጸሐፊው የት ላይ ብዕሩን እንደነከረ መቁጠር ይቻላል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ይህ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ባይኖሩ ብዙ ቃል ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ ውለታቸው አይረሳም። የቀለሙ ነገር ግን አሁንም የሚያነሣው ሰው ይጠብቃል።

ሁለቱንም ካሜራ ሞከርን። የመስኮቱ ብርሃን ደካማ ስለነበር የሴንሰሩን የብርሃን ንቃት፣ ኢሶ የሚሉትን፣ ወደ 1600 ከፍ አደረግን። ሁለቱም ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ማንሣት ይችላሉ፤ ግን እዚያ ድረስ ሲጠጉ የካሜራው ጥላ ብራናው ላይ ያርፋል፣ አባታችንም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ራቅ ብለን አነሣን። ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ብናስቀምጥ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ መናገር አልቻልንም።

ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድን። ከዛፍ ሥር ያለ ትንሽ የሲሚንቶ ንጣፍ ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ አንድ ወንድም በሚስማር ስማቸውን ጽፈውበታል፤ "አባ" ይልና ስማቸው ይከተላል። ሰዓቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ሆኖ ነበር። ካኖኑ አነሣ፤ ግራጫ ንጣፍ። ሶኒው አነሣ፤ ያው ግራጫ ንጣፍ። በእጃችን ስንዳስሰው የሚሰማን ፊደል በምስሉ ላይ የለም። የአክስቴ ልጅ ሴንሰሩን፣ ሌንሱን፣ የእኔን ምክር ሁሉ ወቀሰ። ጥፋቱ የካሜራዎቹ አልነበረም። የተጫረ ፊደል የሚታየው በተጫረበት ቦይ ውስጥ ጥላ ሲያርፍ ነው፤ ፀሐይ ከላይ ስትወርድ ቦዩም ዳሩም እኩል ይበራና ፊደሉ ይጠፋል። ጧት፣ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ መመለስ ነበረብን።

ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ስለነበረች ግን በነጋታው በሌሊት ተነሥተን ወደ ግሸን ነው የሄድነው። ለልጁ እንጀራ ዋናው ፈተና እዚያ ነበር።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን በወልድያ መንገድ ሲኬድ ውጫሌ ይገኛል፤ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ነው። በሚኒባሱ ራዲዮ የአምባሰል ቅኝት ተከፈተ፤ ሹፌሩ ድምፁን ጨመረ። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከአንድ ድምፅ ቢነሡ ከአምስቱ ድምፆቻቸው ሦስቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱ ብቻ በግማሽ ድምፅ ይለያያሉ። ያቺ ግማሽ ድምፅ አንዱን ወደ ለቅሶ፣ ሌላውን ወደ ሠርግ ቤት ትወስዳለች።

ከውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተዋዋሉት እዚያ ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ባለ 20 አንቀጽ ነበር፤ ጎን ለጎን ቢነበብ አንድ የሚመስል። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላለባቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል አለ፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ከሰባት ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ ደም የፈሰሰበት አንድ ምክንያት ይህ ነው። በልጅነቴ እዚህ ባለፍን ቁጥር አባቴ ጣቱን እየቀሰረ ይህን ይነግረኝ ነበር። ስለ ካሜራ ብቻ ላወራ መጥቼ ነበር፤ ነገር ግን በአምባሰል ምድር ላይ ቆሞ "ያው ነው፣ አንድ ነው" ማለት ይከብደኛል። የካሜራዎቹን መመሳሰል ትተን የሚለዩበትን አንቀጽ እንፈልግ አልኩት የአክስቴን ልጅ።

ፈለግነው፤ ዳገቱ ላይ አገኘነው።

መኪና ከሚደርስበት በኋላ ያለውን በእግር ወጣን። ግሸን ደብረ ከርቤ ከላይ መስቀል የሚመስል አምባ ነው፤ የክርስቶስ ግማደ መስቀል ያረፈበት እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ አስቀድሞም የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁበት አምባ ነበረ። የመስከረም 21ዱን ያህል ባይሆንም ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ሁሉም ነጭ ለብሷል።

እዚህ ላይ ካሜራ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ስሕተት አለ። ካሜራ የፊቱን ነገር አያውቀውም፤ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ስለዚህ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ያጨልማል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ ከነጠላው ሥር ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ይጠፋል። መድኃኒቱ ብርሃኑን አንድ እርከን ከፍ ማድረግ ነው። ካኖኑ ላይ ለዚህ ብቻ የተሠራ መዘውር አናቱ ላይ አለ፤ በአውራ ጣት ቀጭ ሲደረግ አለቀ። ሶኒው ላይ መጀመሪያ ከኋላ ቁልፍ መጫን፣ ከዚያ ማዞር ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ኢምንት ነው። ሕዝብ እየገፋህ፣ በአንድ እጅህ ገደሉን ይዘህ ከሆነ ግን ኢምንት አይደለም።

የጠይም ፊት ነገር ከካሜራዎቹም ይርቃል። በፊልም ዘመን የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት አንዲት ነጭ ሴት በተነሣችበት ካርድ ነበር፤ ሸርሊ ካርድ ይባላል። የእሷ ቆዳ ሲያምር ሥራው ተፈጸመ ማለት ነው። ጉዳዩን ያጠኑ እንደጻፉት ፊልሙ የተሻሻለው አንድም የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች "ቡናማው ቀለማችን በትክክል አይወጣም" ብለው ስላማረሩ ነው። እኛ ቤት ባለው የቆየ የሠርግ አልበም ቬሎው ይንቦገቦጋል፣ የሙሽራዋ ፊት ግን ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ሁልጊዜ ፎቶ አንሺውን ነበር የምንወቅሰው። ያ ሰው ይቅር ይበለን።

አዲሶቹ ካሜራዎችም ከእጃቸው የሚወጣ ቀለም አላቸው። የካኖኑ ሞቅ ይላል፤ የወሎን ጠይም ፊት ማር ያስመስለዋል። የሶኒው ቀዝቀዝ ብሎ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ ይስባል። በኮምፒውተር ጥሬውን ምስል ወስዶ ለሚያርም ሰው ልዩነቱ ብዙም አያስጨንቅም። የአክስቴ ልጅ ግን ኮምፒውተር የለውም። ከሚሞሪው በቀጥታ ነው የሚያሳትመው፤ ካሜራው ያለውን ነው ደንበኛው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው። ስለዚህ እኔ በልቤ ካኖኑን መርጬ ነበር። ሌላም ምክንያት አገኘሁ። አንዲት እናት ከቅጥሩ ሥር ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው ይጸልያሉ። በሶኒው 70 ሚሊ ሜትር ለማንሣት መቅረብና መረበሽ ይጠይቃል፤ በካኖኑ 100 ከቆምንበት አነሣናቸው፤ አላወቁም፣ አልተረበሹም። ጸሎታቸውን ሲጨርሱ አሳየናቸው፤ እንድንይዘው ፈቀዱልን።

ከዚያ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ የካኖኑ ስክሪን መስታወት ሆነ። ምን እንደምናነሣ አናይም። ሶኒው ከአናቱ ብቅ የሚል ቪውፋይንደር አለው፤ ዓይን አስጠግቶ ውስጥ ለውስጥ ይታያል። ካኖኑ የለውም። 8 ሰዓት ግድም ደግሞ የካኖኑ ባትሪ ቀላ። በፋብሪካው መለኪያ አንድ ጊዜ ተሞልቶ 210 ፎቶ ያነሣል፤ ሶኒው 320። ባትሪው ከካኖኑ ወጥቶ ግድግዳ ላይ በሚሰካው የራሱ ቻርጀር ነው የሚሞላው፤ ግሸን አምባ ላይ በዚያ ሰዓት ግድግዳም መብራትም አልነበረን። ሶኒው በድሮ ስልክ ገመድ ካሜራው ውስጥ እንዳለ ይሞላል። የአክስቴ ልጅ ከኪሱ ፓወር ባንኩን አውጥቶ ሰካው፤ ምንም አላለኝም፣ ብቻ አየኝ።

ማታ ቤት ስንመለስ ሁለታችንም ተከራከርን። እኔ ፊት አልኩ፣ እሱ ባትሪ አለ። "የጠፋ ካሜራ የማንንም ፊት አያነሣም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም እውነቴን ነው። ያገለገለ ዕቃ ነውና ገላውንም አየነው። ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥረን ቀዳዳውን ኤፍ 11 ድረስ አጥብበን አነሣን፤ በሴንሰር ላይ ያለ አቧራ የሚታየው እንዲህ ሲጠብ ነው። የሶኒው ጥግ ላይ አንዲት ጭጋግ ነጥብ ታየች። የእነዚህ ሌንስ ስለማይፈታ ገብቶ መጥረግ አይቻልም። የካኖኑ ግድግዳ ንጹሕ ነው፤ ሌንሱ ግን ሲወጣና ሲገባ አሸዋ እንደጎረሰ ይንቀሳቀሳል፤ የግሸን መንገድ አቧራ ይሁን የበረሃ አሸዋ እግዜር ይወቅ። ከጃፓን ገበያ የወጣ ሶኒ ቋንቋው ጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ ማውጫውንም አየን፤ እንግሊዝኛ አለው። ነጥብ ለነጥብ እኩል ሆነው አደሩ።

ኅዳር 22 ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ገዳሙ በር ላይ ነበርን። ያ ሽማግሌ አባት ምንም ሳይጠይቁ አስገቡን። 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከውሃው ማዶ ብቅ አለች። ብርሃኑ በዛፎቹ ግንድ መካከል በምድሪቱ ላይ እየተጎተተ መጣና ሲሚንቶው ላይ ደረሰ። ፊደሉ ከድንጋዩ እንደሚወጣ ሁሉ አንድ በአንድ ታየ። የሚስማሩ ጫፍ የሄደበት፣ በአንድ ፊደል እግር ላይ ተንሸራቶ የሳተበት ሳይቀር። ካኖኑ አነሣ፤ ይነበባል። ሶኒው አነሣ፤ ይነበባል። ሁለቱም ያማሩ ናቸው።

አክስቴ ደጃፍ ላይ በርጩማ ይዛ ጠበቀችን። ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳለች፤ ለቅሶ ቤት እንደምትሄድ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ታነባለች፣ አንድ ፊደል በአንድ ፊደል፣ በጣቷ እየተከተለች።

ልጇ ካኖኑን ከፈተ። ስሙን አጉልቶ አሳያት።

"የታለ?"

"ይኸው እማዬ።"

ጣቷን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች። የካኖኑ ስክሪን ሲነኩት የሚታዘዝ ነው፤ ጣቷ ወደ ቀኝ ሲሄድ ምስሉም አብሮ ሄደ፣ ስሙ ከጣቷ ሥር ሸሸ። ደነገጠችና እጇን ሰበሰበች። ልጇ መለሰላት፤ ዳግመኛ ነካችው፣ ዳግመኛ ሸሸ።

"አጠፋሁት?"

"አልጠፋም እትዬ፣ አለ" አልኳት።

ልጇ ካኖኑን አስቀምጦ ሶኒውን ሰጣት። የሶኒው ስክሪን ንክኪ አይሰማም። አጉልቶ አስያዛት። እሷም በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጥላው ዞረች፣ ከዚያ አንዱን እጇን ለቅቃ ጣቷን "አ" ላይ አደረገች። ምስሉ ዝም አለ። በአንገቱ ወረደች፣ በእግሮቹ ዞረች። ወደ "ባ" አለፈች። የአክስቴ ልጅ ካኖኑን ወደ ካርቶኑ መለሰ፤ ክዳኑ ሲዘጋ ድምፅ እንዳያሰማ በመዳፉ ይዞታል። አክስቴ ቀና አላለችም። ሚስማሩ የሳተበት እግር ላይ ደርሳ ቆማለች።